ያለ ዋጋ የተሰጠ ዕቃ በምን ይኖራል?

የአንድ ዕቃ ዋጋ በደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የጭነት መኪና ያስመጣ ሰው የመኪናውን ዋጋና ቀረጡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ጎማው፣ ዘይቱ፣ መለዋወጫውና የመካኒኩ ደመወዝ ይጠብቁታል። ይህን አስቀድሞ ሳያስብ የገዛ እንደሆነ፣ መኪናው ብዙም ሳይቆይ በግቢው ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ይሆንበታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «መለዋወጫው ከወዴት ይገኛል? የሚጠግነውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ ምንም ዋጋ ያልተቈረጠለት ዕቃ ቢገኝ ይህ ጥያቄ ይቀራልን? አይቀርም፤ እንዲያውም ይብስ ይበረታል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ኮሃ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በዓለም ላይ ያሉ አያሌ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍታቸውን የሚመዘግቡት፣ ለአንባቢ የሚያውሱትና የሚቈጣጠሩት በዚህ ፕሮግራም ነው። የፈለገ ሁሉ ለማንም ምንም ሳይከፍል ሊወስደው ይችላል። የሆነ ሆኖ ከ25 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የኖረው በራሱ ጊዜ አይደለም፤ የከፈሉለት፣ የደከሙለትና ስለ ስሙም በሕግ ፊት የተሟገቱለት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለነጋዴ ጭምር የሚጠቅም ትምህርት አለው። ልዩ ማስታወሻ ካልተጻፈበት በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከትንሽ ከተማ የተነሣ ሥራ

በኒውዚላንድ አገር፣ ከዋናው ከተማ ከዌሊንግተን በስተሰሜን፣ ሌቪን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በዚያ የነበረው የሆሮፌኑዋ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1999 ዓ.ም. አንድ ችግር ደረሰበት። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይሠራበት የነበረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከ1999 ወደ 2000 ዓ.ም. መሻገር እንደማይችል ታወቀ። ይህ ችግር በዚያን ዘመን የብዙ ባንኮችና የንግድ ቤቶች ጭንቀት እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ዓመትን በሁለት አኀዝ ብቻ ይጽፉ ስለ ነበር፣ «00» የሚለውን ቁጥር 1900 ይሁን 2000 ለይተው ማወቅ አይችሉም ነበር።

ማኅበሩ በገበያ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች መረመረ። ዳሩ ግን ለእንደዚህ ያለ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የሚስማማ አላገኘም፤ ቅርንጫፎቹን በተራ የስልክ መስመር አገናኝቶ የሚያሠራና ወጪው ከአቅሙ ያላለፈ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በዌሊንግተን የሚገኘው ካቲፖ ኮሚዩኒኬሽንስ የተባለው ድርጅት አዲስ ፕሮግራም እንዲሠራለት ተዋዋለ። ዋናው የፕሮግራሙ ጸሐፊ ክሪስ ኮርማክ ነበሩ። ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈጽሞ በጥር 3 ቀን 2000 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ።

እስከዚህ ያለው የተለመደ የገዢና የሻጭ ነገር ነው። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማኅበሩና ካቲፖ ፕሮግራሙን ቈልፈው ከመያዝ ይልቅ፣ የተጻፈበትን ጽሑፍ ሳይቀር ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርገው ለቀቁት። ይህንንም ያደረጉት በደግነት ብቻ አልነበረም፤ ስሌት ነበረው። አንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን የሚጠቀምበት ፕሮግራም፣ ያን የሚያውቀው አንድ ድርጅት የተዘጋ ዕለት ወላጅ እንደሌለው ልጅ ይሆናል። ብዙዎች ከያዙት ግን ጥገናውን ብዙዎች ይካፈሉታል፤ አንዱ ድርጅት ቢቀር ሌላው ይተካል።

ስሙንም ኮሃ አሉት። ኮሃ በኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ለአስተናጋጁ ይዞት እንደሚመጣው ያለ፣ ተቀባዩም በተራው እንዲመልስ የሚጠበቅበት ስጦታ ነው። ይህን ልማድ ደቦ ወጥቶ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ጎረቤቶቹ በሬ ጠምደው እርሻውን ያረሱለት ሰው፣ የሌላው ተራ ሲደርስ ከቤቱ ተኝቶ የዋለ እንደሆነ፣ በሚመጣው ክረምት ደቦ የሚወጣለት አያገኝም። ደቦ ያለ ገንዘብ ይሠራል፤ ያለ ብድር ምላሽ ግን አይሠራም።

«ነፃ» የሚለው ቃልና የፈቃዱ ውል

በአማርኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ከቀንበር የወጣ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ነው። ስለ እንደዚህ ያለ ፕሮግራም ሲነገር ብዙ ሰው የሚሰማው ሁለተኛውን ነው፤ ቁም ነገሩ ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

ኮሃ የተሰጠው ጄኔራል ፐብሊክ ላይሰንስ በሚባለው የታወቀ የፈቃድ ውል መሠረት ነው። ይህ ውል ለተቀባዩ አራት ነገር ይፈቅድለታል። ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ ያውለዋል፤ እንዴት እንደ ተሠራ ከፍቶ ይመለከታል፤ እንደ ፍላጎቱ ይለውጠዋል፤ እንደዚሁም ቅጂውን፣ የለወጠውንም ቢሆን፣ ለሌላ ያስተላልፋል። በፊናው አንድ ግዴታ ይጥልበታል፤ ይኸውም ቅጂውን ለሌላ ያስተላለፈ እንደሆነ እርሱ ያገኘውን መብት ለዚያኛውም ሳያጎድል እንዲሰጠው፣ የተጻፈበትንም ጽሑፍ እንዳይሸሽግ ነው።

በዚህ ውል ውስጥ መነገድን የሚከለክል ቃል የለም። ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለመትከል፣ ሠራተኛ ለማሠልጠን፣ የተበላሸውን ለመጠገን ወይም አዲስ ነገር ለመጨመር ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲያውም ኮሃን ያኖረው ይህ ንግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

በኮሃ ታሪክ ውስጥ ወጪው በሦስት መንገድ ሲሸፈን ቈይቷል።

አንደኛው መንገድ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት የጎደለውን ነገር በገንዘቡ አሠርቶ ለሁሉ መተዉ ነው። የመጀመሪያው ኮሃ ማርክ የተባለውን ደንብ አያውቅም ነበር። ማርክ በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ፣ የመጻሕፍትን መዝገብ ኮምፒዩተር እንዲያነበው ሆኖ የሚጻፍበት ሥርዓት ነው፤ ይህ የሌለው ፕሮግራም ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ተቀባይነት አያገኝም። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የአቴንስ አውራጃ ቤተ መጻሕፍት ይህ ሥራ እንዲቃና ገንዘብ አወጣ። ሥራው ሲፈጸም ጥቅሙ ለከፋዩ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በሌላ አገር ያለ፣ አንድ ሳንቲም ያላወጣ ቤተ መጻሕፍትም አገኘው። ይህን የሰማ ነጋዴ «ታዲያ ከፋዩ ተሞኘ» ሊል ይችላል። ዳሩ ግን ከፋዩ በበኩሉ ሌሎች ያሠሩትን ሁሉ ያለ ዋጋ አግኝቷል። አንዱን ከፍሎ ብዙውን ያገኘ ሰው አልከሰረም።

ሁለተኛው መንገድ የአገልግሎት ንግድ ነው። ፖል ፑላን የተባሉት የፈረንሳይ አገር ባለሙያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሃ ላይ ብዙ ነገር ጨመሩ፤ ከዚህም ዋነኛው ፕሮግራሙ ከእንግሊዝኛ ሌላ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንዲሠራ ማድረጋቸው ነው። በ2007 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆነው ቢብሊብር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በአሜሪካ ባይወተር ሶሉሽንስ በ2009 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በኒውዚላንድም ካታሊስት የተባለው ድርጅት በዚሁ ሥራ ይታወቃል። እነዚህ ድርጅቶች የሚሸጡት ፕሮግራሙን አይደለም፤ የሚሸጡት ዕውቀትንና ጊዜን ነው። የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ያዛውራሉ፤ ሠራተኛ ያሠለጥናሉ፤ ሰርቨሩን ይጠብቃሉ፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢበላሽ ይደርሳሉ። ከሠራተኞቻቸውም ጊዜ ከፊሉን ለጋራው ሥራ ያውላሉ፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሞተ ዕለት ንግዳቸውም አብሮ ይሞታል።

ሦስተኛው መንገድ የጉልበት መዋጮ ነው። ለኮሃ የሚቀርብ ማንኛውም ማሻሻያ እንዲሁ ተቀባይነት አያገኝም። አንዱ የጻፈውን ሌላ ሰው ይፈትነዋል፤ ከዚያም የጥራት መርማሪዎች ያዩታል፤ በመጨረሻ የእትሙ ኀላፊ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። አዲስ እትም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በኅዳር ወር፣ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱም እትም ኀላፊዎች በድምፅ ይመረጣሉ። ከፈታኞቹ መካከል ፕሮግራም መጻፍ የማይችሉ፣ ነገር ግን በየዕለቱ መጽሐፍ የሚያውሱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አሉ፤ የመመሪያ መጻሕፍቱን የሚያዘጋጁና ወደየቋንቋቸው የሚተረጕሙም እንደዚሁ።

በዚህ አሠራር ኮሃ ብቸኛ አይደለም። በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በጋራ የሚሠሩበት ኤቨርግሪን የተባለ ፕሮግራም በመስከረም 2006 ዓ.ም. ከ250 በሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመረ። ይህም እንደ ኮሃ በገበያ የሚስማማ ስለ ታጣ፣ በክፍለ ግዛቱ የቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት የተሠራ ነው። ፕሮግራሙን ከጻፉት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ በ2007 ዓ.ም. ኢክዊኖክስ የተባለ የአገልግሎት ኩባንያ አቋቋሙ፤ ይኸው ኩባንያ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ለትርፍ ወደማይሠራ ድርጅት ተለወጠ።

ስም እንደ ንብረት

የኮሃ ታሪክ ሁሉ የተቃና አልነበረም። በሕጉ ያልተጠበቀ አንድ ክፍት በር ነበረ፤ እርሱም ስሙ ነው። የፈቃዱ ውል የፕሮግራሙን ጽሑፍ ይጠብቃል፤ ስሙንና የድረ ገጹን አድራሻ ግን አይጠብቅም። ስም ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪ እንደማርዳት ነው፤ ደንበኛ የሚመጣው ዕቃውን መርምሮ ሳይሆን ስሙን አምኖ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ላይብላይም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የካቲፖን የኮሃ ክፍል ገዛ። የኮሃ ዋናው የድረ ገጽ አድራሻም በዚሁ ኩባንያ እጅ ነበር። ላይብላይም በ2009 ዓ.ም. ለደንበኞቹ የተለየ የራሱን እትም እንደሚያወጣ ባስታወቀ ጊዜ፣ ሌሎቹ ተጠቃሚዎችና ጸሐፊዎች ሥራው ለሁለት እንዳይከፈል ሠጉ። በ2010 ዓ.ም. ላይብላይምን ፒ.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዛው። በዚህ መካከል የቀረው የኮሃ ማኅበረ ሰብ አዲስ የድረ ገጽ አድራሻ ከፍቶ ወደዚያ ተዛወረ፤ የጋራውንም ንብረት በአደራ እንዲይዝለት የመረጠው ሥራውን የጀመረውን የሆሮፌኑዋን ማኅበር ነበር።

ሁለተኛው ፈተና በኅዳር 2011 ዓ.ም. መጣ። ኮሃ የሚለው ቃል ለሶፍትዌር የንግድ ምልክት ሆኖ በኒውዚላንድ ለፒ.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ለጊዜው እንደ ተፈቀደ ተሰማ። ኩባንያው በበኩሉ ምልክቱን ለትርፍ ለማይሠራ ድርጅት በአደራ ለማስረከብ ዝግጁ መሆኑን ቢገልጽም፣ ነገሩ በዚህ አልበረደም። ቃሉ የማኦሪ ሕዝብ የጋራ ቃል ነው፤ ፕሮግራሙም ይህን ስም ያገኘው በሌቪን ነው። የሆሮፌኑዋ ማኅበር ለሙግቱ የሚሆን ገንዘብ ከሕዝብ ለመነ፤ ከካታሊስት ጋር ሆኖም ተቃውሞውን አቀረበ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የአገሪቱ የንግድ ምልክት ኮሚሽነር ተቃውሞውን ተቀብሎ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ።

ይህ ሙግት ሁለት ዓመት ፈጅቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለጠበቃና ለጽሕፈት የዋለው ገንዘብና ድካም ለፕሮግራሙ መሻሻል ሊውል ይችል የነበረ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብዙዎች በጋራ የሚሠሩት ነገር ገና ከመነሻው ስሙና አድራሻው በማን እጅ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ ነገሩ ያደገ ዕለት ጠብ ይወልዳል። በወንድማማቾች መካከል ያለ ውል የተጀመረ የንግድ ሽርክና እንዴት እንደሚያልቅ ገበያው በየዓመቱ ያየዋል።

የሚያኖሩት አራት ነገሮች

እንደዚህ ያሉት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ሲዘልቁ ሌሎቹ ለምን በአጭር እንደሚቀጩ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ምክር ተደርጎበታል። ላይራሲስ የተባለው የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት በ2017 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ኀላፊዎች ሰብስቦ አነጋግሮ፣ በ2018 ዓ.ም. አንድ መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። መመሪያው የአንድን ፕሮግራም ጤንነት በአራት ነገሮች ይመረምራል፤ እነርሱም አስተዳደር፣ የቴክኒክ ሥራ፣ የሰውና የገንዘብ አቅም፣ የተጠቃሚዎች ተሳትፎ ናቸው።

እነዚህ አራቱ በንግድ ቤት ቋንቋ ቢተረጐሙ እንደሚከተለው ይሆናሉ። አስተዳደር ማለት ውሳኔ የሚሰጠውና ስሙን የሚይዘው ማን እንደሆነ መታወቁ ነው። የቴክኒክ ሥራ ማለት ዕቃው ከዘመኑ ጋር መሄዱ ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ብረት አይዝግም፣ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚለዋወጥ ሳይነካ የተቀመጠው ፕሮግራም ያረጃል፤ ሌባም የሚገባበት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኝበታል። አቅም ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መኖሩ ነው። ተሳትፎ ማለት ደግሞ ተጠቃሚው ጉድለቱን የሚናገርበት፣ ከቻለም የሚያቃናበት መንገድ መኖሩ ነው። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ሦስቱ ብቻቸውን አያቆሙትም።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን በጠላትነት የሚመጣ አይደለም፤ በዝምታ የሚመጣ ነው። አንድ ሺህ ተጠቃሚ ባለበት ሥራውን የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ የታመመ ወይም ሌላ ሥራ ያገኘ ዕለት ነገሩ ሁሉ ይናጋል። ተጠቃሚዎቹም ክፋት አላሰቡም፤ እያንዳንዱ «ሌላው ይከፍላል» ብሎ ነው የተቀመጠው።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ኮሃን የሚሠሩበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በአገራችን አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን ለአንባቢ የሚያቀርበው ዲስፔስ በተባለ ሌላ ክፍት ፕሮግራም ነው፤ ይህም በ2002 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውለት ፓካርድ ኩባንያ ኅብረት የወጣ ነው። የኮሃ ተጠቃሚዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤም በ2015 ዓ.ም. በናይጄሪያ በኢባዳን ከተማ ተደርጓል፤ አፍሪቃውያን በዚህ ሥራ ተቀባይ ብቻ ሆነው አልቀሩም ማለት ነው።

ለአስመጪዎች የሚታወቀው ዋናው ጥቅም የውጭ ምንዛሪ ነው። የተዘጋ ፕሮግራም የገዛ ቤተ መጻሕፍት የፈቃዱን ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ያውም በውጭ ገንዘብ መላክ አለበት፤ ምንዛሪው የዘገየ ዓመት አገልግሎቱም ይጓደላል። ክፍት ፕሮግራም የያዘ ግን ለተከላና ለጥገና የሚያወጣውን ገንዘብ ለአገሩ ባለሙያ በብር ሊከፍል ይችላል። ገንዘቡ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ወደ ጎረቤት ነው፤ ዕውቀቱም እዚሁ ይቀራል።

ዳሩ ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ሥራውን የሚሠራ ሰው ሲኖር ነው። ለምሳሌ አንድ አንባቢ የሐዲስ ዓለማየሁን መጻሕፍት ፈልጎ ወደ ኮምፒዩተሩ ቢቀርብና «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ መዝጋቢው ደግሞ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ መዝግቦ ቢሆን፣ ሀ ከሐ፣ አ ከዐ በንባብ አንድ መሆናቸውን ለማሽኑ የነገረው ሰው ከሌለ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ደግሞም በኢትዮጵያ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አይደለም፤ ደራሲውን የሚፈልግ ሁሉ «ሐዲስ» ብሎ እንጂ «ዓለማየሁ» ብሎ አይጀምርም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መታተሚያ ዓመት በመጽሐፉ ላይ 1958 ተብሎ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፏል፤ ይህን አስተውሎ ያልመዘገበ ሰው መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት በሌቪንም ሆነ በኦሃዮ ያለ ባለሙያ ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቀው አማርኛ አንባቢው ነው። በተዘጋው ፕሮግራም ይህን ለማስተካከል ወደ ሻጩ ማመልከቻ ጽፎ መልስ መጠበቅ ነው፤ ገበያው ትንሽ ነው ብሎ ሻጩ ችላ ቢለው ምንም ማድረግ አይቻልም። በክፍቱ ፕሮግራም በሩ አልተዘጋም። በኮሃ የትርጕም መዝገብ ውስጥ አማርኛ በፊደሉ ቦታ አለው። የተከፈተ በር ግን ራሱ ገብቶ አይሠራም፤ በእያንዳንዱ አዲስ እትም አዳዲስ ቃላት ይመጣሉ፣ እነርሱን የሚተረጕም እጅ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ተተርጕሞ የተተወ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

በዚህ መስክ ለመሥራት ለሚያስብ የአገር ውስጥ ድርጅት የሥራው ዐይነት የታወቀ ነው፤ ተከላ፣ የድሮ መዝገብ ማዛወር፣ ሥልጠና፣ የሰርቨር ጥበቃ፣ የአማርኛና የሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ሥራ። የሚያስፈልገው ካፒታል ከመጋዘንና ከጭነት ይልቅ የሠለጠነ ሰው ነው። ነገር ግን ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ደንበኛው በፕሮግራሙ አልታሰረም፤ አገልግሎቱ ያላረካው እንደሆነ ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ወደ ሌላ ድርጅት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ንግድ ደንበኛ የሚቈየው በቍልፍ ሳይሆን በመልካም ሥራ ነው።

ገዢው ደግሞ፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን ትምህርት ቤት ወይም የንግድ ቤት፣ ክፍት ፕሮግራም ከመያዙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመጨረሻው እትም የወጣው መቼ ነው? የሚጽፉትስ ስንት ናቸው፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ አይደለምን? ስሙን የያዘው ማን ነው? በአገር ውስጥ የሚጠግነው አለን? ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ለፈቃዱ ሳይከፈል ከቀረው ገንዘብ ስንቱ ለጥገናና ለሠራተኛ ሥልጠና፣ ስንቱስ ለጋራው ሥራ መዋጮ በበጀት ተይዟል? የመጨረሻውን ጥያቄ «ምንም» ብሎ የሚመልስ መሥሪያ ቤት የጎማና የመለዋወጫ ገንዘብ ሳይዝ መኪና እንዳስመጣው ሰው ነው።

መዋጮውም የግድ በሺህ የሚቈጠር ገንዘብ መሆን የለበትም። አንድ ጉድለት አግኝቶ በሚገባ ጽፎ ማስታወቅ መዋጮ ነው። አዲስ እትም ሲወጣ አንድ ሠራተኛ ለግማሽ ቀን እንዲፈትነው መፍቀድ መዋጮ ነው። ሃምሳ ቃላት ወደ አማርኛ መመለስም መዋጮ ነው። ጥቂት ቤተ መጻሕፍት እንደ ዕቁብ በየወሩ እያዋጡ አንድ ባለሙያ በጋራ ቢቀጥሩ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሊያሠሩት የማይችሉትን ሥራ ያሠራሉ፤ የሀ እና የሐ፣ የአ እና የዐ ነገርም በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ከተቃና፣ የአማርኛ መጻሕፍት ላሉት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን ወይም በኢየሩሳሌም፣ ሊያገለግል ይችላል።

የሌቪን ከተማ ሰዎች ለፕሮግራማቸው ስም ሲያወጡ የተቀባዩን ግዴታ በዚያው በስሙ ውስጥ አኑረውታል። ያን ስጦታ የተቀበሉ የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍትም ሆኑ በዙሪያቸው ሊነግዱ የሚያስቡ ሰዎች አሁን የሚቀራቸው ተራቸው የደረሰ ዕለት በሬያቸውን ጠምደው መውጣት ነው።